ቅንፍ ይከፈታል

የልጄ የናርዶስ ዓይኖች የታሰሩት ሚያዝያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት ዓይኖቿ ደም መስለው ቀሩ፤ ብርሃን ሲነካቸው እንባዋ አገጯ ድረስ ይወርዳል። መጀመሪያ የተሰጣት ጠብታ አላሻላትም፣ ስለዚህ ከእንጅባራ ዳንግላ ወሰድኳት። ከመናኸሪያው እስከ ዓይን ሐኪሙ በጋሪ ስንሄድ ነጠላዬን ፊቷ ላይ ጥዬላት ነበር። ጋሪው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ክንዴን ትጨብጠኛለች። ሐኪሙ ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ቁስል አለ አለ። መድኃኒት ጨመረና በፋሻ አሰራቸው።

«እስከ ሐምሌ መጨረሻ ፊደል የሚባል ነገር እንዳታይ» አለኝ። «ካስጨነቀቻቸው ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ከሆነ ደግሞ እኔም የማደርግላት ነገር የለም።»

«ፈተና አለባት» አልኩት። «የአሥራ ሁለተኛ።»

«ፈተናው በየዓመቱ አለ።»

እሱ ምን ያውቃል። ናርዶስ ያንን ፈተና ስትጠብቅ ዓመታት አልፈውባታል። አንዱን ዓመት ትምህርት ቤቱ ጨርሶ ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ተከፈተና ተኩስ ሲሰማ እንደገና ተዘጋ። አብረዋት የጀመሩት ገሚሶቹ አግብተዋል፣ ገሚሶቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። እሷ ግን መጽሐፏን አላስቀመጠችም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ የማየው ሒሳብ ስትሠራ ብቻ ነበር፤ እርሳሷን ጥርሷ ውስጥ ታደርግና አንድ ነገር ሲገባት ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

ትምህርት ቤቱ ሁኔታዋን አስረድቶ አንባቢ እንዲመደብላት አስፈቀደ። ፈተናው ላይ ጥያቄውን የሚያነብላት፣ እሷ የመረጠችውንም መልስ የሚያጠቁርላት ሰው ይኖራል ተባለ። እስከዚያ ድረስ የሚያስጠናት ግን አልነበረም። ጓደኛዋ ሰርክአዲስ መጽሐፍ አምጥታላት ዳንግላ አክስቷ ዘንድ ገብታለች፤ ኔትወርክ ስለሌለ ስልክም አይሠራም።

«እኔ አነብልሻለሁ» አልኳት።

«አንቺ?» አለች። ልትንቀኝ ብላ አይደለም። ገርሟት ነው።

እኔ ማንበብ የጀመርኩት አምና ነው። አፌን የፈታሁት በአዊኛ ነው፣ አማርኛውን ገበያ ላይ ለመድኩት፣ ፊደሉን ደግሞ ቀበሌው አዳራሽ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት። ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እሸጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እጄን ታጥቤ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ገጽ ለመጨረስ ላብ ያጠምቀኛል፤ ይሁን እንጂ አነባለሁ።

የሒሳቡን ምልክቶች ናርዶስ መዳፌ ላይ በጣቷ እየሳለች አስተማረችኝ። ኤል ኤን የቆመ በትርና የጎበጠ ሰው ነው። ሳይን ሲጀምር እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ኮሳይን ሲጀምር አፉን የከፈተ ቀለበት ነው። ታንጀንት መስቀል ይዞ ይመጣል። ሴካንት እንደ ሳይን በእባብ ይጀምርና በተከፈተው ቀለበት ያልቃል። ኤክስ የተቆላለፉ ሁለት እንጨቶች። ከላይና ከታች ነገር ያለበትን ጭረት ሳይ «ላይ» ብዬ የላዩን፣ «ታች» ብዬ የታቹን እንዳነብ ነገረችኝ። እጄ ሸካራ ነው፤ ጣቷ ሲሄድበት አንዳንዴ አይሰማኝም፣ «ድገሚልኝ» እላታለሁ።

መጋረጃውን ዘግተን፣ እኔ በሩ ጋ ብርሃን ፈልጌ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አወጣሁ።

«ኤል ኤን» አልኩና ዝም አልኩ።

«የምን?»

«አለቀ።»

«ኤል ኤን እኮ ብቻውን አይቆምም እማ። የሆነ ነገር መያዝ አለበት።»

«ከዚያ ወዲያ ያለው በቅንፍ ነው» አልኳት። «የመምህር ነው።»

እኛ ክፍል እንደዚያ ነው። የምናነብበት መጽሐፍ ላይ በቅንፍ የተጻፈው ለአስተማሪዋ ነው፤ «መምህሯ ሥዕሉን ታሳያለች»፣ «ተማሪዎች በጋራ ይደግሙታል» የሚል። አንድ ቀን ጋሽ ሀብቱ እሱንም ጮክ ብሎ አነበበው። መምህርት የምሥራች ሳቋን ይዛ «ጋሽ ሀብቱ፣ በቅንፍ ያለው የእኔ ነው፤ እርስዎ ይዝለሉት» አለችው። ከኋላ ያሉት ሴቶች «የመምህሯን ምሳ በላባት» ብለው ሳቁበት። እኔ ያን ቀን ቅንፍ ምን እንደሆነ ተማርኩ።

ይህን ስነግራት ናርዶስ ሳቀች። ከትኩሳቱ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ ፋሻውን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች።

«እዚህ መጽሐፍ ላይ በቅንፍ ያለውም የእኔ ነው። ውስጡንም አንብቢው።»

«ኤል ኤን ኮሳይን ኤክስ» አልኩ።

«እንዲያ በይ እንጂ።»

ከዚያ እንዴት እንደሚሠራ ነገረችኝ፤ እንዲገባኝ ሳይሆን ድምፅ አውጥታ ስትናገር ለራሷ ስለሚጠራላት ነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ የተሰጠውን ነገር ለውጥ፣ ዴሪቬቲቭ የሚሉትን፣ ፈልጊ ነው የሚሉት፤ ደንቡን ቼይን ሩል ይሉታል። መጀመሪያ ውጪውን ትነኪያለሽ፤ ከዚያ ውስጡን አትረሺም። «ኤል ኤን የያዘውን ነገር ወደ ታች ያወርደዋል» አለችኝ። «ላይ ደግሞ የዚያኑ ነገር ለውጥ ታስቀምጪያለሽ። ብዙ ልጅ የሚወድቀው ታቹን ጽፎ ላዩን ስለሚረሳ ነው። አሁን ኮሳይን ታች ይወርዳል። የኮሳይን ለውጥ ኔጌቲቭ ሳይን ነው፣ እሱ ላይ ይቀመጣል። ሳይን ለኮሳይን ሲካፈል ታንጀንት ነው። ስለዚህ ኔጌቲቭ ታንጀንት ኤክስ። መልሱን እይው።»

መልሶቹ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ናቸው። ቁጥሩን በጣቴ ፈልጌ አገኘሁት። ጭረት፣ መስቀል ያለበት ቃል፣ የተቆላለፉ እንጨቶች።

«ኔጌቲቭ ታንጀንት ኤክስ» አልኩ።

አገጯን ቀና አደረገች። እኔም ፈተናውን ያለፍኩት እኔ የሆንኩ ይመስል ደስ አለኝ።

ያን ሳምንት ሁሉም ትክክል ነበር። ኤል ኤን ሳይን ኤክስ፣ ኤል ኤን ታንጀንት ኤክስ፤ እኔ ድንች እያጠብኩ አነባለሁ፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትመልሳለች፣ መጽሐፉ ይስማማል። ገጹ ጭቃ ነካው። «ይንካው» አለችኝ።

ከዚያ ገጹ ተገለበጠ። ረጃጅሞቹ መጡ።

«ኤል ኤን ሳይን ኤክስ ሲደመር ኮሳይን ኤክስ» ብዬ አነበብኩ።

ትንሽ አሰበች። «ኮታንጀንት ኤክስ ሲቀነስ ሳይን ኤክስ።»

ጀርባውን አየሁ። «አይደለም። ላይ ኮሳይን ኤክስ ሲቀነስ ሳይን ኤክስ። ታች ሳይን ኤክስ ሲደመር ኮሳይን ኤክስ።»

«እንደገና አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። እሷም እንደገና ሠራችው፤ ያው መጣ። የሚቀጥለውም አልተስማማም። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። መጀመሪያ «መጽሐፉ ተሳስቷል» አለች። ገጹ ሁሉ ሲሳሳትባት ግን እንደዚያ ማለቱን ተወችው። ወደ ቀላሎቹ እንድመለስ አዘዘችኝ፤ እነዚያ ሁሉ ትክክል ሆኑ።

«አንድ ነገር ሲሆን ይመጣልኛል» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ነገር ሲሆን ይጠፋብኛል።»

ጎረቤቴ ሸጋ ያን ሰሞን እየመጣች በር ላይ ትቆም ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዝም ማለት ግን አታውቅም። «ትኩሳት እኮ ዓይን ላይ ብቻ አይቀርም እታለም» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ራስ ውስጥም ይገባል። የአጎቴ ልጅ ከትኩሳት ሲነሳ የበሬዎቹን ስም ረስቶት ነበር።»

«በሬዎቹስ እሱን አልረሱትም?» አልኳት፣ እንድትስቅና እንድትሄድ ብዬ። ሳቀችና ሄደች። ስመለስ ግን ናርዶስ ወደ በሩ ዞራ ተቀምጣለች። ዓይኑ የታሰረ ሰው ጆሮው ይሰላል፤ ያን ማሰብ ነበረብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷን መፈተን ያዘች። የክፍል ጓደኞቿን ስም በተቀመጡበት ተራ ትጠራለች። ከጥርባ እስከ ጥሊሊ ያሉትን የአባቷን ዘመዶች ትቆጥራለች። አንዱም አልጠፋትም። ወደ ሒሳቡ ስትመለስ ግን ያው ነው። እኔም ድምፄ የማይሰማት እየመሰለኝ ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል እየለየሁ ማንበብ ጀመርኩ። ያው ነው።

የምዕራፉ መጨረሻ ላይ የነበረው እንዲህ ይላል፤ «ኤል ኤን ሴካንት ኤክስ ሲደመር ታንጀንት ኤክስ።»

ብዙ ቆየች። «ታንጀንት ኤክስ ሲደመር ሴካንት ስኩዌር ኤክስ።»

ጀርባውን ገለጥኩ፤ መናገር ፈራሁ።

«በይው እንጂ።»

«ሴካንት ኤክስ።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ የለውም። ሴካንት ኤክስ ብቻ።»

እጇን ዘርግታ መጽሐፉን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ጭኔ ላይ እንዳለ ዘጋችው።

ልለምናት ሞከርኩ። መናኸሪያው በር ላይ ሆኜም፣ ድንች እያወጣሁም የማስበው እሱን ብቻ ነበር። ፈተናውን ካልተቀመጠች ሌላ ዓመት ልትጠብቅ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤት ይኑር አይኑር ማን ያውቃል። «ብቻ ሂጂ» እላታለሁ፤ «ሌላውን ትምህርት ትሠሪዋለሽ።»

«አንባቢው አጠገቤ ተቀምጦ እያነበበልኝ፣ እኔ ዝም ስል እንዲያየኝ ነው?» አለችኝ። «የታመመው ዓይኔ ነው እያልኩ ነበር እማ። ዓይኔ አይደለም።»

ተፈታኞቹ ፈተናው ወደሚሰጥበት ባሕር ዳር የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ጠዋት ጉም ብቻ ቀረ። እኔ ብርድ ልብሷን ጠቅልዬ፣ ዳቦ በፌስታል አድርጌ በሩ ላይ አስቀምጫለሁ። ሰርክአዲስ ከዳንግላ ተመልሳ ኖሮ ጫማዋ ጭቃ እንደሆነ ገባች።

«ናርዲ፣ ተነሺ፤ መኪናው ሊሄድ ነው። አጠገቤ ቦታ ይዤልሻለሁ። ወንዶቹን በክርን ነው የመለስኳቸው።»

ናርዶስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። «ሂጂ» አለች። «ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሂጂ ሰርኬ። ያመልጥሻል።»

ሰርክአዲስ እኔን አየችኝ።  የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ እየሮጠች ወጣች። ብርድ ልብሱን ፈትቼ ናርዶስን አለበስኳት።

ከሰዓት በኋላ ትምህርቴን ልቀር ነበር። ቤት መቀመጡ ግን ከበደኝ፤ እሷም «ሂጂልኝ» አለችኝ። አዳራሹ ውስጥ ጣራው ያፈስ ስለነበር ወንበሮቹን ወደ አንድ ጥግ ሰብስበናቸዋል። መምህርት የምሥራች ያን ቀን ንባቡን ትታ ሒሳብ አስተማረችን።

«ሁለት ጎረቤታሞች ገበያ ወጡ» አለች። «እያንዳንዳቸው ሦስት ኪሎ ድንችና አራት ኪሎ ሽንኩርት ገዙ። ጋሪው ላይ ጠቅላላ ስንት ኪሎ ተጫነ?» ብላ ሰሌዳው ላይ በቁጥር ጻፈችው። ሁለት፣ የማባዛት ምልክት፣ ከዚያ ሦስት ሲደመር አራት በቅንፍ። «እትዬ ስንታየሁ፣ ይምጡ። ድንች የእርስዎ ሥራ ነው።»

ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት፤ ሲደመር አራት፣ አሥር። ጻፍኩት።

ጋሽ ሀብቱ ከኋላ ጣቶቹን እየቆጠረ ነበር። «የአንደኛዋን ሽንኩርት ማን ወሰደው?» አለ።

ሰው ሳቀ። የምሥራች ግን ጠመኔውን ይዛ አጠገቤ መጣች። «ቅንፉን አላዩትም እትዬ» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ። ውስጡን አነበብኩት።»

«ውስጡን ማንበብ ብቻውን አይበቃም። ቅንፍ ሲከፈት፣ እስኪዘጋ ድረስ ያለው ሁሉ አንድ ነገር ነው ማለት ነው። ውጪ ያለው ሁለት ሦስቱን ብቻ አይደለም የሚነካው፤ አራቱንም አብሮ ነው። ቅንፉን ካነሱት ሌላ ጥያቄ ይሆናል፣ መልሱም ሌላ ነው።»

አሥሩን አጥፍታ አሥራ አራት ጻፈች። እኔ ቁጥሩን አላየሁትም። እነዚያን ሁለት የጥፍር ቁራጭ የመሰሉ ምልክቶች ነበር የማየው። ሴካንት ኤክስ ሲደመር ታንጀንት ኤክስ የሚለውን እንደዚሁ ግራና ቀኝ ይዘውት ቆመው ነበር። አይቻቸዋለሁ። ገጹ ላይ በተራ ሁሉ አይቻቸዋለሁ።

«እትዬ፣ አመመዎት?» አለችኝ የምሥራች።

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ባጃጅ ስላጣሁ መናኸሪያው ድረስ በጭቃው ሮጥኩ። ጠዋት ድንች የምሸጥለት ተራ አስከባሪ መሳፍንት ኮፍያውን አጥልቆ ባዶው ሜዳ ላይ ቆሟል።

«ባሕር ዳር የሚሄድ አለ?»

«በዚህ ሰዓት? ከሰዓት በኋላ መንገዱ አይኬድም እኮ እትዬ። ነገም ከተገኘ ነው።»

«ፈተናው ነገ ጠዋት ነው።»

ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ «ይቀመጡ፣ እስኪያባራ» አለኝ። አልተቀመጥኩም።

ወደ ቤት ስመለስ በጣም በቀስታ ነበር የሄድኩት። ከነገርኳት ፈተናው በከንቱ እንዳመለጣት ታውቃለች። ካልነገርኳት ደግሞ፣ ሸጋ እንዳለችው ትኩሳቱ ጭንቅላቷን እንደነካው እያመነች ትኖራለች።  ሐምሌ ያልቃል፣ ፋሻው ይፈታል፣ መጽሐፉን ራሷ ታነበዋለች እልና ደግሞ፣ አሁን ያለችበት ተስፋ መቁረጥ እስከዚያ ምን ያደርጋታል እላለሁ። ደጃፌ ስደርስ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

እንደተውኳት ተኝታለች። በሩን ከፍቼ መጽሐፉን አነሳሁ።

«አንብቢ አላልኩሽም» አለች።

«አንድ ብቻ» አልኩ። ጣቴን ገጹ ላይ አስቀመጥኩ። «ኤል ኤን። ቅንፍ ይከፈታል። ሴካንት ኤክስ ሲደመር ታንጀንት ኤክስ። ቅንፍ ይዘጋል።»

 ከጣራው ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳችና እግሯን ከአልጋው አወረደች።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ታች ሴካንት ሲደመር ታንጀንት። ሁለቱም። ላይ የሴካንት ለውጥ ሴካንት ጊዜ ታንጀንት፤ የታንጀንት ለውጥ ሴካንት ስኩዌር። ከሁለቱም አንድ አንድ ሴካንት ይወጣል። የቀረው ታንጀንት ሲደመር ሴካንት ነው። ታች ካለው ጋር ይጠፋፋል።» ቆመች። «ሴካንት ኤክስ።»

«ሴካንት ኤክስ» አልኩ እኔም።

«ቅንፉ ሁልጊዜም ነበረ?»

«ነበረ።»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ። ድምፅ ያለው አልመሰለኝም ነበር።»

ፋሻውን በጣቶቿ ዳበሰች። «ስለዚህ ጭንቅላቴ ደህና ነው» አለች። የሰው ሞት እንደምትናገር ሆና ነው ያለችው። ከዚያ «መኪናው የት ይደርሳል አሁን?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ገብተዋል። ባሕር ዳር ገብተዋል።»

«አዎ። ይገባሉ።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችኝም። እራት አቀረብኩላት፤ በላች። ጠብታውን ሳደርግላት ፋሻው ረጥቦ አገኘሁት። ቀየርኩላት።

ጠዋት ድንች አልቀቀልኩም። እሷ ከእኔ ቀድማ ነቅታ ተቀምጣለች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሊሆን ነው።»

«አሁን ወረቀቱን እያደሉ ነው» አለች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ከዚያ ገጽ መጀመሪያ ጀምሪ። ሁሉንም። አንድም ምልክት እንዳታልፊ፣ የማታውቂው ካለም ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለበረታ ጮክ አልኩ። «ኤል ኤን። ቅንፍ ይከፈታል።»

«አትጩሂ እማ። እሰማሻለሁ።»

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ሳይን ኤክስ ሲደመር ኮሳይን ኤክስ። ቅንፍ ይዘጋል።»

ቶሎ አልመለሰችም። ጣቴን ከምልክቱ ላይ ሳላነሳ ጠበቅኳት።